ለአንድ እርምጃ የተቋቋመ ኮሚቴ

በቅልጥፍናው ስሙ የናኘ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። በየግድግዳው «ፈጣን አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈ፣ ባለጉዳይ ተራው እስኪደርስ የሚያነበው አያጣም። የዚህን ቤት ስም የሚያጎድፍ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም የመዝገብ ቤቱ ሹም ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ዶሴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንዳረፈ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጽሕፈቱ እያነሰ ሄዶ የጉንዳን መንገድ መሰለ። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ እግሩ ከወለሉ ጋር ይጣበቃል። ልቡ «እለፍ» ይለዋል፤ እግሩ አልሰማም ይላል። ከኋላው የቆሙት ሲያጉረመርሙ ላብ ያጠምቀዋል።

ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

«ስንፍና አይደለም» አለች ሐኪሟ። «አንጎላችን ውስጥ አንዱ መንገድ ሂድ ይላል፣ ሌላው ቁም ይላል። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሂድ ባዩን ያበረታል፣ ቁም ባዩን ያስታግሣል። የእርስዎን ዶፓሚን የሚያመርቱት ሕዋሳት እየሞቱ ስለሆነ ቁም ባዩ አየለ።»

ክኒን አዘዘችለት። እግሩ ሲያዝበት ወለሉ ላይ የሚሻገረው መስመር ቢያይ እንደሚፈታለትም ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈችለት።

ሥራ አስኪያጁ አርቆ አሳቢ ነውና ደብዳቤውን አንብቦ ኮሚቴ አቋቋመ።

«ይኼ ዶፓሚን የሚሉት የትኛው ክፍል ነው ያለው?» ሲል ሰብሳቢው ሹሙን አስቀርቦ ጠየቀ።

«ጭንቅላቴ ውስጥ።»

«የዚህ ቤት ጭንቅላት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እሳቸው ሳያውቁ እንዴት ይጎድላል?»

የሹሙ ባለቤት ይህን ስትሰማ አንድ ጥቅል ቢጫ ፕላስተር ገዝታ በጠዋት መጣች። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ እርምጃ በእርምጃ ለጠፈችው።

«በል ተሻገር፣ የኔ ጌታ» አለችው።

አንዱን ተሻገረ። ሁለተኛውንም ተሻገረ። በሩን አልፎ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሥራ አስኪያጁ በጣም ተደሰተ። ተደስቶ ሲያበቃ ፕላስተሩ ያለ ፈቃድ መለጠፉን አስታውሶ አስነሣው።

«እርምጃዎን አንቃወምም፤ ብቻ ሥርዓቱን ተከትሎ ይምጣ» አለው።

ሥርዓቱ ሰባት ወር ፈጀ። ኮሚቴው በመስመሩ ስፋት ተወያየ፣ በቀለሙ ተከፋፈለ፣ ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ሹሙ በየጠዋቱ በሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ የቸኮለ ሁሉ በትከሻው ገፋ አድርጎት ያልፋል። ሁለቴ ወደቀ። ሲወድቅ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ባለመስበሩም በቃል ተመሰገነ።

በመጨረሻ መስመሮቹ ተቀቡ። ለምረቃው ሐኪሟም ተጠራች። ሹሙ በክብር እንግድነት ተገኘ፤ ጡረታ ከወጣ ሳምንቱ ስለነበር ሥራ የሚያስፈታው ነገር አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ፍጥነት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ቀጥሎ ሐኪሟ አስተያየት እንድትሰጥ ተጋበዘች።

«የእሳቸውስ ምክንያቱ ታውቋል» አለች፣ «ሕዋሳት ሞተውባቸው ነው። ጤነኛ አንጎል ይዞ አሥር መስመር ለማስመር ሰባት ወር የቆመ ግን፣ በሕክምና ዘመኔ አይቼ አላውቅም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ «መሥሪያ ቤታችን በሕክምና ዘመናቸው አይተውት የማያውቁት ውጤት ማስመዝገቡን ሐኪሟ አረጋግጠዋል» ብሎ አሰፈረ።