የእትዬ ፋታ ሬዲዮ ክበብ

ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው ይመስላል እንጂ አንድ ሰው ነው። የስፖርት ይሁን የንባብ፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ቁልፉን የሚይዝ፣ በሩን የሚከፍት፣ የቀረውን እየደወለ የሚነዘንዝ አንድ ሰው ታገኛላችሁ። አባል የምንባለው የተቀረነው እሱን ላለማስቀየም የምንመጣ ነን። ይህ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ከእናንተም ሰፈር አይጠፋም። ስልካችሁ ሲጠራ ስሙን አይታችሁ "ወይ ጣጣዬ!" የምትሉት እሱ ነው።

የእኛ እትዬ ፋታ ናቸው።

ክብርት ሊቀመንበር እትዬ ፋታ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በፍቅራቸው ግን የአማተር ሬዲዮ ክበባችን መሥራች፣ ሰብሳቢ፣ አንቴና ተካይና ወለል ጠራጊ ናቸው። አማተር ሬዲዮ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ፈቃድ አውጥቶ በገዛ መሣሪያ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ጋር በአየር ላይ ማውራት ነው፤ ለፍቅሩ ብቻ። "ስልክ እያለ ለምን?" ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው። እኔ ጠይቄ ነው አባል የሆንኩት። መልሳቸውን ጨርሰው ሳያበቁ መታወቂያዬ ተዘጋጅቶ ነበር። ምክትል ሊቀመንበር የሆንኩት ደግሞ ምርጫው ሲካሄድ ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ነው።

ፋታ የሚለውን ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። በሬዲዮ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ አይሰማም፤ አንዱ ጨርሶ "ተቀበል" ሲል ነው ሌላው የሚቀጥለው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። በእትዬ ክበብ ግን "ተቀበል" ከተባለም በኋላ ወዲያው መናገር ክልክል ነው። አንድ ረጅም ትንፋሽ ያህል ሁሉም ዝም ይላል። ተጣድፎ የገባ ካለ ወዮለት! "ፋታ ስጡ!" የሚለው ድምፃቸው ሬዲዮውን ሰንጥቆ ይወጣል።

"ለምንድን ነው ግን?" ካልናቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "አቅም ያለው መቼም ይሰማል። ፋታው አቅም ለሌለው ነው። ባትሪው የደከመ፣ ከተራራ ጀርባ ያለ፣ ፈራ ተባ የሚል ሰው ሊገባ ይፈልግ ይሆናላ!"

እሰየው ነው። ችግሩ፣ እትዬ ይህንን የአየር ሕግ ወደ ምድር አወረዱት። ሱቃቸው ገብቶ "እጅጌው ትንሽ አጠር ይበልልኝ" ያለ ደንበኛ ቶሎ መልስ አያገኝም። እትዬ መርፌያቸውን እንደያዙ ቤቱን ዞር ዞር ብለው ያያሉ፤ ስለ እጅጌው ሐሳብ ያለው ሌላ ሰው እንዳለ ለማወቅ። ደንበኛው "አልሰሙኝም" ብሎ ይደግማል፤ ሲደግም ደግሞ ፋታው እንደ አዲስ ይጀምራል። ስልክማ ከእሳቸው ጋር አይወራም። ጸጥ ሲል ተቋረጠ ብላችሁ ስትዘጉት፣ እሳቸው ገና ሊናገሩ አፋቸውን እየከፈቱ ነው።

ሰላምታቸውም የሰው ሰላምታ አይደለም። "እንደምን አደርክ" በማለት ፈንታ "ባትሪህ እንዴት አደረ?" ነው የሚሉት። ጋሽ ፍሬን የምንላቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር አባላችን ናቸው። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ገና ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ እትዬ ሊጠይቋቸው ገብተው መጀመሪያ ያነሱት የባትሪውን ነገር ነበር። ጋሽ ፍሬን በደከመ ድምፅ "የኔን ነው ወይስ የሬዲዮውን?" አሉ ይባላል።

ደግሞ አንድ ጊዜ ጎረቤቶቻቸው ባልና ሚስት ተጣልተው ዳኙን ብለው መጡ። ክብርት ሊቀመንበር ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የእጅ ሬዲዮ ሰጥተው፣ ሚስትን ሱቁ ውስጥ ባልን ደጅ አስቀመጡና በሥርዓቱ ተጣሉ አሏቸው። "አንተ እኮ ስትዋሸኝ ነው የኖርከው፣ ተቀበል።" ትንፋሽ። "እኔ ነኝ የምዋሸው? ተቀበል።" እንደገና ትንፋሽ። እንዲህ እየተነፈሱ እስከ መቼ ይጣሉ? ሚስት በመጨረሻ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "እትዬ፣ በቃ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ" አለች።

ለአየሩ ፋታ የሚሰጡት ሴትዮ እኛን ግን ፋታ ነሱን። ቅዳሜ በጠዋት የሬዲዮ ፍተሻ፣ እሁድ የአንቴና ጥገና፣ በአዘቦቱ ደግሞ "የሕዝብ አገልግሎት"። የሰፈር ሩጫ ወይም የአረጋውያን የተራራ ጉዞ ካለ ጥግ ጥጉ ላይ ሬዲዮ ይዘን የምንገተረው እኛ ነን። "ዘንድሮስ እለቃለሁ" የማይል አባል የለም። የሚለቅ ግን አይታይም።

ታዲያ ባለፈው ጊዜ ክበቡ ራሱ ሊለቀን ነበር። የምንሰበሰበው በሰፈሩ አዳራሽ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ጠባብ ብትሆንም አንቴናችን ከጣሪያዋ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆነን ስንናገር ከተራራው ወዲያ ማዶ ድረስ ድምፃችን ይሰማል። የእትዬ ሱቅ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነ ከዚያ የተነገረ ከአጥር አያልፍም። ክፍሏ ከሄደች ክበቡም ሄደ ማለት ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ አንድ ቀን ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና በሩ ላይ ቆሙ።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጋረጃና ምንጣፍ የምናስቀምጥበት አጥተናል። እናንተ ደግሞ በጣት የምትቆጠሩ ናችሁ። ይሄ ክፍል ለሰፈሩ ሰው ምን ጠቀመ?"

እትዬ ፋታቸውን ወሰዱ። ኃላፊው መልስ ያጡ መስሏቸው ሊሄዱ ሲሉ "የአረጋውያኑ የእግር ጉዞ ቀን ይምጡና ይዩን" አሏቸው።

"እሺ፣ ያን ቀን አይቼ እወስናለሁ።"

ጭንቀት ገባን። በዋዜማው ስብሰባ የሒሳብ መምህሩ ተነሣ። እሱ ካላወራ የሚያመው አባላችን ነው። "እትዬ፣ ነገ እንኳን ፋታው ይቅር። ኃላፊው መጥተው ሬዲዮው ጸጥ ካለባቸው የተበላሸ ነው የሚመስላቸው። ትንሽ ሞቅ እናድርገው።" ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እሳቸው በያዙት ጨርቅ ላይ መርፌያቸውን ሰኩና "ክፍሏ ከምትሄድ ደንቡ ይቅር" አሉ። ፊታቸው ግን ጠቆረ። እንዲህ ተሸንፈው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው ክፍላችን ገብተው እግራቸውን አጣምረው ተቀመጡ። እትዬ ከዋናው ሬዲዮ ፊት ናቸው፤ እኔ አጠገባቸው። አባላቱ በተራራው መንገድ ላይ ተበትነዋል፤ ሬዲዮው እንደ ገበያ ደምቋል። መምህሩ ስለ ነፋሱ ይናገራል፤ ሌላው ከአፉ ነጥቆ ስለ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣ ያወራል፤ "ተቀበል" የሚባለው ሳያልቅ ሌላው ይገባል። ኃላፊው ተደሰቱ። "እንዲህ ነው እንጂ! ሥራ ይታያል!" አሉ።

እትዬ ግን የጠበበ ጫማ እንዳደረገ ሰው ይቁነጠነጣሉ። አንዴ ወደ ኃላፊው፣ አንዴ ወደ ሬዲዮው ያያሉ። እጃቸው ወደ ሬዲዮው ማውሪያ ሄደ፤ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ አልቻሉም።

"ፋታ ስጡ! ሁላችሁም! ፋታ!"

ሬዲዮው ጭጭ አለ። ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ምነው? ተበላሸ እንዴ?" አሉ። እትዬ ዞር ብለው ሳያዩዋቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔ በልቤ "በቃ፣ ክፍሏ ሄደች" አልኩ።

ከዚያ ከሹክሹክታ የሚያንስ ድምፅ ተንኮሻኮሸ። "...ፍሬን ነኝ... የሚሰማኝ አለ?... ተቀበል..."

ጋሽ ፍሬን ከተራራው ጀርባ፣ ከተጓዦቹ ሁሉ ኋላ ነበሩ። ከተጓዦቹ አንዲት እናት ጉልበታቸው ከድቷቸው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ መናገር እያቃታቸው ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ የሬዲዮው ባትሪም እየሞተ ነው። ሲጠሩ ቆይተዋል፤ የእኛ ጫጫታ ግን ድምፃቸውን ውጦት ነበር።

"ፍሬን፣ ሰምቼሃለሁ። ጥላ ውስጥ አድርጋቸው። ነርሷ ወዳንተ እየመጣች ነው። ከእንግዲህ አትናገር፣ ባትሪህን ቆጥብ፤ እኔ እዚሁ ነኝ፣ ተቀበል" አሉ እትዬ። ተጓዦቹን የምትከተለው ነርስ ከመምህሩ ጋር ስለነበረች፣ ይህን በሬዲዮ ሰምተው ሁለቱም እየሮጡ ሄዱ። ከብዙ ጭንቅ በኋላ የመምህሩ ድምፅ መጣ፤ ስኳራቸው ወርዶ ነው፣ ጣፋጭ ነገር ቀምሰዋል፣ የፊታቸው መልክ ተመልሷል፣ እንዲያውም ጋሽ ፍሬንን እየተቆጡ ነው።

ኃላፊው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ሰውዬው እየጠሩ እንደሆነ በምን አወቁ?" አሏቸው።

"አላወቅኩም" አሉ እትዬ። "ስለማላውቅ እኮ ነው ዝም ያሰኘሁት።"

ኃላፊው ስለ መጋረጃው ዳግመኛ አላነሡም። ሲወጡ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ ክፍሏም ቀረችልን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ክፍላችን ስወጣ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ከፊት የቆሙት እኚያው እናት ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው፣ አብረዋቸው የሚጓዙትን አስከትለው። "በአየር ላይ የተናገረችው ልጅ የት ናት?" ይላሉ። ልጅ ያሏቸው እትዬን ነው። ክፍሏ በአንድ አፍታ ሞላች። አንዷ ማውሪያውን አንስታ ትነፋበታለች፤ አንዱ አባት "ከተራራው ማዶ ያለውን ወንድሜን በዚህ ማግኘት ይቻላል?" ይላሉ፤ ሌላዋ "እኔን አስቀድሙኝ፣ እኔ ነኝ አስቀድሜ የመጣሁት" ትላለች። ሁሉም እኩል ያወራሉ፤ ማንም ማንንም አይሰማም።

ምክትል ነኝና ሥርዓት ማስያዝ የእኔ ፋንታ መሰለኝ። እጄን አንስቼ "እባካችሁ ጸጥ..." ስል እትዬ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ተዋቸው።"

"እትዬ፣ ደንቡስ?"

"ይንጫጩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ የጠበቅኩት እነሱን አይደለም እንዴ?"

ይህን ብለው፣ አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለው የመለኪያ ሜትር ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም እጄን አወረድኩ። እኚህን ነዝናዛ ሴትዮ እንዴት እንደምወዳቸው ያን ዕለት ገባኝ።