ታርጋ የተጻፈበት ድንጋይ

በእኛ ሠፈር ሰው የሚታወቀው በሥራው አይደለም፤ የመኪና ማቆሚያ ለመያዝ በሩ ፊት ባስቀመጠው ነገር ነው። ድሃው አሮጌ ጎማ ያስቀምጣል። መካከለኛው በርሜል። ተስፋ የቆረጠው እግሩ የተሰበረ ወንበር። መንገዱ የሕዝብ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎችም ቡራዩ ውስጥ አሉ፤ መኪና የላቸውም። እናንተ ሠፈር እንዲህ ያለ ነገር የለም ካላችሁ አንድም ትዋሻላችሁ፣ አንድም ድንጋዩን ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ግቢ የላቸውም እንዳትሉ። ግቢማ አለ። ግን ከዋናው በር እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ የኪራይ ክፍል ተደርድሮበታል፤ ጫማ ማውለቂያ እንኳን አልተረፈም። ሰው ግቢውን ያከራይና መንገዱን ይወርሳል። ይህን ነው ሠፈሩ አደገ የምንለው።

ጎረቤቴ ደረጀ ከሁሉም ይለያል። የእሱ ድንጋዮች ኖራ የተቀቡ ናቸው፤ በላያቸው ላይ የመኪናው ታርጋ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ድንጋዮቹ እስከ እኔ በር ድረስ ስለሚዘልቁ የእኔ አሮጌ መኪና የምታድረው ታች አስፋልቱ ዳር፣ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ነው። ባለ ወፍጮው ደግ ሰው ነው።

ደረጀ መኪናውን የገዛው ለአማቱ ነው። እንዲህ ነበር ያለው። የሚስቱ የሌንሳ እናት አዴ ጫልቱ ሰበታ ይኖራሉ፤ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሆስፒታል የሚያመላልሳቸው ይፈልጋሉ። መኪናው መጣ። ተመረቀ። ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም፤ ከተንቀሳቀሰ ቦታው ይያዛላ! ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ቢያንስ ላሚቱን በየማለዳው አያጥባትም ነበር። ደረጀ ያጥባል። ሌንሳ እናቷን ለመጠየቅ ሚኒባስ ላይ እየተጋፋች ስትሄድ እሱ ጎማውን ጨርቅ ያለብሳል።

«እናቴ ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አላት። ወይ ቅዳሜ ታመጣታለህ፣ ወይ እዚያው እሷ ጋ እቀራለሁ!» ብላው ሌንሳ ወደ ሰበታ ሄደች። አጥራችን ቆርቆሮ ነው፤ ሁላችንም ሰምተናል።

አሁን ጭንቀቱን አስቡት። ሚስት ወይስ ቦታ? ድንጋይ ይነሣል፤ በርሜል ይንከባለላል። ማንም የማይነካው ነገር ምንድን ነው? ደረጀ አሰበና አገኘው፤ የእድር ድንኳን። ከእድሩ ዕቃ ቤት «ለትንሽ ፕሮግራም ነው» ብሎ አወጣ፤ ቅዳሜ ማለዳ ቦታው ላይ ተከለ፤ ቤቱን ቆልፎ፣ ልቡ ረግቶ ወደ ሰበታ ነዳ።

እኛ ደግሞ ድንኳን ካየን አንጠይቅም። እንገባለን፤ የሞተውን ሰው እያለቀስን እንደርስበታለን። መጀመሪያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ገቡ። ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቶሎሳ አግዳሚ ወንበር አስጭነው መጡ። ከደቡብ የመጡት የደረጀ ተከራዮች ከፋብሪካ ፈረቃ እየተመለሱ ነበር፤ ምንም እንደማያውቁ ነገሩንና መዝሙር ጀመሩ። የደረጀ ስልክ አይነሣም፤ የሌንሳም ዝግ ነው። ከሁሉም በላይ መኪናው የለም። ያ መኪና ከቦታው የሚነሣው ለሞት ብቻ እንደሆነ ሠፈሩ ያውቃል።

«ወይኔ አዴ ጫልቱ!» አለች አንዷ። ተለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ንፍሮ ተቀቀለ።

ቀትር ላይ መኪናው መጣ። ሌንሳ ድንኳኑን ስታይ ጮኸች። አዴ ጫልቱ ግን ከኋላ ወንበር በዝግታ ወረዱ።

«አካም ኦልታን?» ብለው እንዴት እንደዋልን ጠየቁን። «ማነው የሞተው?»

ሁሉም ኦቦ ቶሎሳን አየ። ዳኝነት እዳ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አዴ ጫልቱ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፤ «አንቱ ነዎት።»

አዴ ጫልቱ ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ ከዚያም ደረጀን አዩ። «ይሄን ማን ተከለው?»

«ቦታው እንዳይያዝ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«የማን ቦታ?»

«የመኪናው።»

«እኔ መኪና ስጠብቅ ልሞት ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ለካ እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል!» አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «በሉ አቅርቡት። የራሱን ንፍሮ የቀመሰ ሰው አላውቅም።»

ደረጀ ድንኳኑን ሊያፈርስ ሲነሣ ኦቦ ቶሎሳ ፈረዱ፤ «የተለቀሰበት ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነሣም።» እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ማንም አልተከራከረም። መኪናው ቁልቁል ወርዶ ወፍጮ ቤቱ ግቢ፣ ከእኔዋ ጎን አደረ።

ሰኞ ጠዋት ሌንሳ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ እማዬን ሆስፒታል…»

«ደረጀስ?»

መሬት መሬት አየች። «ወፍጮ ቤት ያገኘው ቦታ እንዳይያዝበት ፈርቶ ነው።»

ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረላቸውና «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ስንመለስ አዴ ጫልቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት። «የእውነት ስሞት ድንኳን አትትከሉ። ሰዉ ደረጀ ቦታ የያዘ መስሎት እንዳይቀርብኝ።»

እናትና ልጅን ቤት አድርሼ ወፍጮ ቤት ስደርስ መኪናዬ የምታድርበት ቦታ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። ኖራ የተቀባ። ታርጋው የእኔ አይደለም። ደረጀ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶታል።

አልቀሰቀስኩትም። ድንጋዩን አንሥቼ መኪናዬ ኋላ ጫንኩት። ሱሉልታ ብሄድ፣ ሆለታ ብሄድ፣ ከእንግዲህ የማቆሚያ ቦታ አላጣም።