የአንቴናው ገመድ ጎረቤት

እኛ ሰዎች ጥፋተኛ ስንፈልግ እግራችን ሩቅ ነው የሚሄደው። ወጡ ሲያርር በማገዶው፣ ልጁ ፈተና ሲወድቅ በአስተማሪው እናመካኛለን። ወደ ገዛ እጃችን የምናየው ሌላ የምንጠረጥረው ሲያልቅብን ነው። እናንተ እንዲህ አትሆኑ ይሆናል፤ እኔ ግን ነኝ። ምስክሬም ደባርቅ ሳለሁ እነዳት የነበረችው አምቡላንስ ናት።

ከከተማ ወጣ ሲሉ ሞባይል የሚጠፋበት ዘመን ስለነበር መኪናዋ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ተገጠመላት። የገጠምኩላትም እኔው ነበርኩ። የአንቴናውን ገመድ ከባትሪ ከሚመጣው ወፍራም ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ፣ በየስንዝሩ በናስትሮ ጠቅልዬ ምንጣፍ ሥር ቀበርኩት። አንድ ክር እንኳ አይታይም። አለቃዬ አይቶ «እጅህ ይባረክ!» አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነዳሁ።

ታዲያ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሬዲዮው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ሞተሩ ሲጠፋ ጥርት! ለምን ብባል መልስ አላጣም። አንድ ቀን ተራራው ነው፣ አንድ ቀን የሊማሊሞ ጉም ነው። አንዴማ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ሳይቀሩ ተጠርጥረዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ተራራው የት እንደሚሄድ የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ የክረምት ጠዋት፣ ከአምባራስ ወዲያ አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ መሆኑና ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት መነሣታቸው ተነገረን። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ለጉዳይ ደባርቅ መጥተው ኖሮ ወሬውን ሰምተው እየሮጡ ደረሱ። እሳቸውንና አዋላጇን ሲስተር ገነትን ጭኜ ሽቅብ ወጣሁ።

ከሳንቃ በር አለፍ ሲሉ መንገዱ ሁለት ነው። ተሸካሚዎቹ ወንዙ ከሞላ በላይኛው፣ ካልሞላ በታችኛው ይመጣሉ። የትኛውን እንደያዙ አፋፉ ላይ ሆኖ በመነጽር የሚያያቸው የፓርኩ ጠባቂ ስካውት በሬዲዮ ሊነግረን ነው። ብንሳሳት ግማሽ ቀን ይባክናል፤ ልጅቷ ደግሞ ግማሽ ቀን የላትም።

መንታ መንገዱ ላይ ቆምን። ስካውቱ እየተናገረ ነው፤ የምንሰማው ግን ዝዝዝታ ብቻ። ሞተሩን አጥፍቶ ማዳመጥ ነበር፤ ዳሩ ግን ሞተሪኖው ከተበላሸ ሰንብቷል። መኪናዋ ከጠፋች ካልተገፋች አትነሣም። ያለነው ዳገት ላይ፣ ገፊዎቼም አንዲት አዋላጅና አንድ ሽማግሌ።

«ተራራው ነው፣ መሪጌታ» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

እንባ ያቀረረ ዐይናቸውን አዞሩብኝ። «ነዳጅ ስትረግጥ ጩኸቱ ይብሳል። ተራራው ነዳጅ ይጠጣል እንዴ፣ ልጄ?»

ነዳጁን ረግጬ ለቀቅኩት፤ ጩኸቱም አብሮ ወጥቶ አብሮ ወረደ። 

«እኛ ዘንድ» አሉ፣ «ተማሪው ሁሉ የየራሱን ትምህርት ጮኾ ነው የሚያጠና። ድምፀ ቀጭኑን ከጎርናናው ጎን ካስቀመጥሁት፣ የገዛ ትምህርቱ ይጠፋዋል። አንተ ይህን ገመድ ከማን ጎን ነው ያስቀመጥኸው?»

ምንጣፉን ገለበጥኩት። ያን የተመሰገንኩበትን ናስትሮ በቢላዋም በጥርሴም ቦጫጨቅኩት። ገመዱን ከባትሪው ሽቦ ለይቼ በወዲያኛው ወገን፣ በወንበሮቹ ላይ አሳልፌ ወደ አንቴናው ሳብኩት፤ ሲስተር ገነት በቁስል ፋሻ አሰረችልኝ። ሲታይ ያስጠላል። ዝዝዝታው ጭራሽ ጠፋ ብል ዋሸሁ፤ ቀነሰ እንጂ። በመካከሉ ግን የስካውቱ ድምፅ ብቅ አለ።

«በታችኛው ናቸው! በታችኛው! ትሰማላችሁ?»

መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ መሪውን ወደ ታችኛው መንገድ አዞርኩ።

አገኘናቸው። ልጅቷን አስገብተን ስንመለስ፣ ደባርቅ ሳንደርስ ሲስተር ገነት «አቁም!» ብላ ጮኸችብኝ። አቆምኩ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። ከመኪናው ወርጄ ጎማ ጎማውን እያየሁ ስንቴ እንደዞርኩ አላውቅም። በመጨረሻ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እናትየዋም ደኅና። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ስካውቱ በሬዲዮ «እንዴት ሆነች? እንዴት ሆነች?» ይላል። መነጋገሪያውን አንሥቼ አፌን ስከፍት የሕፃኑ ለቅሶ መኪናዋን ሞላት።

«ኧረ ምንም አይሰማኝም! ጩኸት ብቻ ነው!» አለ ስካውቱ።

መሪጌታ መነጋገሪያውን ከእጄ ወስደው ወደ ሕፃኑ አፍ አስጠጉት።

«እሱኑ ስማ» አሉት።