ሶደሬ ያልደረሰው ዘይት

ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ቄስ አይሆንም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ላይ ስንደርስ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ። ሹፌሩ ከሥሯ ተኝቶ ሲፈታና ሲያስር ሁለት ጊዜ ካየን፣ በሦስተኛው «እስቲ ወዲያ በል» ብለን እጅጌያችንን እንሰበስባለን። እንሰበስባለን የምለው ብቻዬን እንዳልወቀስ ነው። የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዳማ ከባቡር ጣቢያው ዙሪያ ብዙም ባልራቀችበት ጊዜ ነው። ቆዳ ነጋዴ ነበርኩ። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ አሮጌ መኪና ገዛሁ፤ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰውም ቀጠርኩ። ሹፌሯም ሐኪሟም እሱ ነው። ሰይድ ቁጥብ ሰው ነበር። ለዘመዱ ለቅሶ ወደ አዋሽ ጣቢያ ሲሳፈር የተናገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ በባቡር እስክመለስ ድረስ አይንኳት አለኝ።

አልነካትም ነበር፣ አማቴ ባይመጡ ኖሮ።

የባለቤቴ አባት ግራዝማች ይርዳው ከምንጃር በበቅሎ ሲመጡ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያወረዳቸው። ወጌሻው ሶደሬ ወርደው ሰባት ቀን ፍልውሃ ይግቡ ብሏቸዋል። እሳቸው ልጃቸውን ለቆዳ ነጋዴ በመስጠታቸው ከልብ ደስ ብሏቸው አያውቅም። እኔም በስንት ዓመቴ የምኮራበት ነገር አግኝቼ፣ በቅሎይቱ ትረፍ፣ ሰኞ ጧት በመኪናዬ አደርስዎታለሁ አልኳቸው።

ለዚህ ክብር እንድትበቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘይቷን ልቀይርላት አሰብኩ። ማን ለመነኝ? ማንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ከሥሯ ገባሁ፤ ከሆዷ በታች ያለውን ቡሎን በመፍቻ ፈታሁ፤ ጥቁሩ ዘይት እጅጌዬን አጥግቦ የተረፈው ከሥሩ ባስቀመጥኩት ቆርቆሮ ውስጥ ወረደ። ሰይድ ቡሎኑን ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ ዘይት እንዳያሾልክ ከመሣሪያ ሣጥኑ አዲስ የመዳብ ቀለበት አውጥቶ ያጠልቅለታል። እኔም አንዷን አውጥቼ አጠለቅኩ፣ አጠበቅኩ፣ አዲሱን ዘይት ሞላሁ። ተነሥቼ እጄን ስታጠብ፣ አልደብቃችሁም፣ ሰይድ ለምን ደመወዝ እንደሚበላ ገረመኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከመኪናዋ ሥር የዘይት ጠብታ ተኝታ አገኘሁ። ጠረግኳት። ምሳ በልቼ ብወጣ እኅቷ ተተክታለች።

በዚያን ጊዜ አዳማ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ቢሆንም፣ ስለ መኪና የሚያውቀው ግን ከተማው ሁሉ ነበር። አንድ የባቡር ሠራተኛ ሳሙና ለጥፍበት አለኝ፤ ለጠፍኩ። የመሸታ ቤቱ ግሪክ ሻማ ይሻላል አለ፤ አቅልጬ አፈሰስኩ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ አረቄ ሲያወጡ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የእንስራውን አፍ የሚደፍኑት በሊጥ ነውና፣ ሊጡን ራሳቸው አቡክተው ይዘውልኝ መጡ። ሞተሯን ሳሞቃት ሳሙናው ተልፈሰፈሰ፣ ሻማው ፈሰሰ፣ የእትዬ ዘነቡ ሊጥም ቂጣ ሆኖ ወደቀ። ዘይቱ ግን ጠብ፣ ጠብ። ብሽቅ ብዬ መፍቻው ላይ የብረት ቧንቧ ጨምሬ ቡሎኑን እስኪያቃስት አጠበቅኩት። ይባስ ብሎ ፈሰሰ። አማቴ ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ያያሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው «ይቅርብን» የምትለዋን ቃል አፉ ውስጥ ፈልጎ ያጣታል። ሰኞ ጧት አንድ ጠርሙስ ዘይት ለመጠባበቂያ ይዤ ተነሣን።

ከከተማው ወጥተን፣ መንገድ ማለት የከብት ዱካ በሆነበት ሜዳ ላይ ጠርሙሱን አፈሰስኩላት። ጥቂት እንደሄድን የሞተሯ ድምፅ ተለወጠ። አጥፍቼ የዘይት መለኪያ ዘንጓን ብመዝ ደረቅ ናት። አማቴን ደግፌ ግራር ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸውን ይዘው ያቃሰቱት ዛሬም ይሰማኛል። ከዚያ «ልጄ፣ ከእኔና ከመኪናህ ፍልውሃ የሚያስፈልጋት እሷ ሳትሆን አትቀርም» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። የባሰውም እሱ ነው።

ፀሐዩ ሲበረታ አንድ የአርሲ ሰው በፈረስ መጣ። ገመቹ ይባላል። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም አለንና ወረደ፤ ሌላው መንገደኛ ሁሉ መኪናዋን ሲያይ እሱ ሽማግሌውን አየ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝ፤ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገርኩት። ፈረሱን አስጠጋ፣ አማቴን እንደ ሕፃን አቅፎ ኮርቻው ላይ አስቀመጠ፣ ራሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ወደ ሶደሬ ሄደ። እኔ መኪናዋን ልጠብቅ ቀረሁ። የማትሄድ መኪና ማን እንደሚሰርቃት ግን ዛሬም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ በአማቴ በቅሎ ላይ ብቅ አለ፤ በእጁ የዘይት ቆርቆሮ ይዟል። ከባቡር ወርዶ ቤት ሲደርስ ግቢው ውስጥ ያለውን ጠብታ አይቶ፣ እሱኑ እየተከተለ ነው የመጣው። ቆርቆሮውን አስቀመጠ። ከሥሯ ተኛ፣ ቡሎኑን ፈታ፣ በሰንጢ ጫፍ ከመኪናዋ ሆድ ላይ አንዲት የጠቆረች ቀለበት ፈልቅቆ አወጣ። አሮጌዋ ናት። እኔ የመኪናዋ አካል መስላኝ አዲሲቱን ደርቤባታለሁ፤ ሁለቱ ሲገፋፉ ዘይቱ በመካከላቸው ይሾልካል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው የሰነበትኩት።

«አሮጌዋ ሳትወጣ አዲሲቱ አትገባም፣ ጌታዬ» አለኝ።

ይህን ባለቤቴ ፊት ባለመናገሩ በልቤ አመሰገንኩት።

በስምንተኛው ቀን ከሰይድ ጋር አማቴን ልናመጣ ሶደሬ ወረድን። እሳቸውና ገመቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በኦሮምኛ እያወሩ ይሳሳቃሉ። አማቴ ተነሡ፣ ያለ ደጋፊ ተራመዱ፣ መኪናዋ ዘንድ ሲደርሱ ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ። ያ አልታጠፍ ያለ ጉልበት እጥፍ አለ። አጎንብሰው ከሥሯ ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። አሸዋው ደረቅ ነው። «ተመስገን» አሉ፤ ስለ ጉልበታቸው ይሁን ስለ አሸዋው አልጠየቅኩም።

ከሰይድ ጎን ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ግን አንገታቸውን በመስኮት አወጡና «ገመቹ፣ ፈረሱን ይዘህ ቀስ እያልክ ከኋላ ተከተለን» አሉት።