ሆስፒታሉ የረሳው መንስኤ

በእኛ በሰርቦች አገር ሆስፒታል ያለ ሊፍት ይሠራል፤ ሲብስም ያለ ሐኪም ውሎ ያድራል። ያለ አንዲት ሁሉን አዋቂ ሴትዮ ግን ግማሽ ቀን አይቆምም። የከተማችን ሆስፒታል የታደለው በክብርት እትዬ ራዶይካ ነው፤ የልብ ክፍል ኮሪደር የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት።

እትዬ ራዶይካ ከስድስት ዓመት በፊት ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጡ። ጉልበታቸው ዳነ፤ እሳቸው ግን አልወጡም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን በራሪ ወረቀቶቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ አጠገብ ይሰየማሉ። ሆስፒታሉ ስለ በሽታ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ አገልግሎቱ ለሕመምተኛ ያሳተመው ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ሕዝብ ዘንድ አይደርስም። «የሕመሙ መንስኤዎች» ከሚለው ዝርዝር ሥር፣ ፕሮፌሰሮቹ የዘነጉትን በሰማያዊ እስክሪብቶ ያክሉበታል፤ «ፕሮማያ»።

ፕሮማያ በመስኮት ገብቶ በበር የሚወጣው ሽውታ ነው። እኛ አገር ሰው ከጦርነት ይተርፋል፤ ከፕሮማያ ግን አይተርፍም። የሐሞት ጠጠር፣ ፕሮማያ። ኪንታሮት፣ ፕሮማያ። እኔ ለልቤ ክትትል የምመላለስ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የእግር ስብራቱ ወረቀት ላይ ስደርስ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ይሄ እንኳ ከመሰላል መውደቅ ነው» አልኳቸው።

«ምን አዙሮ ጣለው ታዲያ? አንገቱን ንፋስ መትቶት ነዋ! አስተማሪ ሆነህ መማር ምን ያስጠላሃል?»

ሌላው መሣሪያቸው «ለመጠየቅ ብቻ ነው!» የሚለው ነው። ይህን ካሉ በኋላ ሠላሳ ሰው የተሰለፈበት የዶክተሩ በር ይከፈትላቸዋል። እኛ ስናዛጋ ግማሽ ሰዓት ይቆዩና ቡሬክ፣ ያን አይብ የተሞላ ቂጣ፣ እያላመጡ ይወጣሉ።

«ምን ጠየቁት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቁርስ በልቶ እንደሆነ።»

ባለፈው ሐምሌ ተረኛው እኔ ሆንኩ። የልቤ ቫልቭ ሊቀየር ነው። ዶክተሩ «አንብብና ፈርም» ብሎ ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚያስረዳ ወረቀት ሰጠኝ። አራተኛው መስመር ላይ፣ ከመቶ ሰው ሦስቱ እንደማይነቁ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም። ሎተሪ ደርሶኝ አያውቅም፤ እንዲህ ያለው ዕጣ ግን ቤቴን አይስትም። ፈራሁ። ኮፍያዬን አንስቼ ወደ ደረጃው ላጥ አልኩ።

«ወዴት ነው ስቬቶዛር?»

«አየር ልቀበል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አየር! በዚህ ልብህ አየር ልትቀበል! እስቲ ወዲህ በለው።»

ወረቀቱን ነጥቀው መነጽራቸውን ሰኩ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡና ከሦስቱ ሟቾች ጎን እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «እነዚህ መስኮት ሥር የተኙት ናቸው።»

«አንተን መስኮት ሥር የሚያስተኛ ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አሉኝ። «በል ፈርም፤ አታልጎምጉምብኝ!»

የፊዚክስ ሕግ ቢገላበጥ ይህን የሚደግፍ አይገኝም። እኔ ግን ፈረምኩ።

ስነቃ ሲስተር ዝላታ አጠገቤ ቆማ ላቧን ትጠርጋለች። ሐምሌ እኛ ጋ የሙቀት ወር ነውና ግድግዳው ሳይቀር አልቦታል።

«ያቺ ሴትዮህ ልትገድለን ነበር!» አለችኝ። «አምስት ሰዓት ሙሉ የኮሪደሩን መስኮት በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። ‹ጉልበትሽን ያምሻል፣ ተቀመጪ› ብንላት እንቢ! መስኮቱን ማን ደፍሮ ይክፈት! ደግሞ ሰው ከኦፕራሲዮን ክፍል ብቅ ባለ ቁጥር ከዚያው ሆና ‹ለመጠየቅ ብቻ ነው! ነቃ ወይ?› ትላለች። ገና መቼ ተቀደደና ነው የሚነቃው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ስቄባቸዋለሁ። ያን ሰዓት ግን እኚህን ሴት እንደ እናቴ እንደምወዳቸው ገባኝ፤ እንባዬም መጣ። ዝላታ አሞኝ መሰላት።

«አይዞህ፣ ትንሽ አየር ይግባልህ» ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ጉሮሮዬ እንደ ኩበት ደርቋል። ቢሆንም ያለኝን አቅም ሁሉ አሰባሰብኩና፣ በአዲሱ ልቤ የመጀመሪያውን ቃል ተናገርኩ።

«እንዳትከፍቺው! ፕሮማያ ነው።»