ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ፍራንክፈርት ውስጥ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሐበሻ መጀመሪያ ቆንስላው ጋ ይሄዳል፤ ቀጥሎ እኔ ጋ ይመጣል። ማን ሾመሽ የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ራሴ ነኝ የሾምኩት። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት እዚያ ተምሬያለሁ። ከዚያ ባለቤቴን ተከትዬ እዚህ መጣሁና ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ ሳስተምር ኖርኩ። ሁለት ዓመት ደግሞ ምን አላት የሚሉኝ አሉ። ለእነሱም መልስ አለኝ። አንድን አገር ለማወቅ ሁለት ዓመት ይበቃል። ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ይለምደውና ምንም አይታየውም።

ልጆቹ ታንቴ ጸዳለ ይሉኛል። ታንቴ በጀርመንኛ አክስት ማለት ነው። ጀርመኖች ታንቴያቸውን አንቺ ነው የሚሏት፤ የእኛ ልጆች ግን ታንቴ ብለው ሲያበቁ አንቱ ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ?

ለሁሉም የምጀምረው ስለ ወሬ በመንገር ነው። እኛ ስንማር መምህሩ ወጣ ሲል የክፍል አለቃው ይነሳና ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም ይጽፍ ነበር አይደል? ረባሽ ማለት ያወራ ማለት ነው። መምህሩ ሲመለስ ስሙ የተጻፈ ወዮለት። አሜሪካም ይጻፋል። የሚጽፈው ግን መምህሩ ራሱ ነው፤ ያወራ ማርክ ያገኛል፣ ዝም ያለ ወዮለት። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ይስቃሉ። ሳቁ እላቸዋለሁ። እኔ ሴሚስተሩን ሙሉ እጄን አጣጥፌ፣ ጨዋ ሆኜ ተቀምጬ ተቀምጬ በተሳትፎ ዜሮ ሲሰጡኝ አልሳቅኩም።

ከዚያ ስለ ሙገሳ እነግራቸዋለሁ። የጀርመን ፕሮፌሰር «መጥፎ አይደለም» ካላችሁ ሂዱና ደግሱ። አሜሪካዊው «ግሩም ጅምር ነው» ካላችሁ ግን ቤታችሁ ግቡና እንደ አዲስ ጻፉት። እኔ «ግሩም ጅምር» የተባልኩ ጊዜ ለእናቴ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። እናቴ ደግሞ ምስጢር አትችልም፤ ለጎረቤት ሁሉ አስነበበች። ሰፈሩ ስለ ግሩምነቴ ሲያወራ እኔ እዚያ ያንኑ ወረቀት እንደገና እጽፍ ነበር።

እና ደግሞ ዓይን። እኛ ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዓይናችንን መሬት ላይ እናሳርፋለን። ጨዋነት ነዋ! እዚያ ግን የደበቃችሁት ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩን ተመልከቱት፣ አታፍጥጡበት እንጂ ተመልከቱት እላለሁ። የቢሮው በር ክፍት ከሆነም ግቡ። እኛ አገር መምህር ቢሮ የሚጠራ ያጠፋ ነው፣ ጀርመን ደግሞ ያለ ቴርሚን፣ ያለ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ማንም በር አይከፍትላችሁም፤ አሜሪካዊው ግን በሩን የከፈተው እንድትገቡለት ነው። ምክሬ ይኸው ነው። እስከ ባለፈው ክረምት ድረስም የጎደለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት ሜላት መጣችብኝ።

ሜላት ከአዲስ አበባ ለማስተርስ የመጣች ልጅ ናት። እዚሁ ቦከንሃይም ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ቬጌ ውስጥ ትኖራለች፤ ቬጌ የሚሉት ተማሪዎች ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት እየተጋሩ፣ በሳህን እጥበት እየተጣሉ የሚኖሩበት ቤት ነው። የምትማረው የከተማ ውኃ ነው። ግፊቱ የት ጋ እንደሚቀንስ፣ ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ። የአዲስ አበባን የውኃ ወረፋ ስታስብ እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ልጅ ናት።

ታዲያ አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ፕሮፌሰር ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣና በእንግሊዝኛ ሴሚናር ከፈተ። ከሴሚናሩ ተማሪዎች አንዱን መርጦ ለአንድ ዓመት ወደ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ይወስዳል ተባለ። ሜላት የምታነበው ጥናት ሁሉ የሚሠራው እሱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ያንን ቦታ እንደፈለገችው ሌላ ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም።

ሰውየው ገና በመጀመሪያው ቀን ዳን በሉኝ አለ። ዳን ብቻ። ሜላት አባቷን የሚያክል ሰው ዳን ልትለው? ቲቸር እንዳትለው ተማሪ ቤት አይደለም፤ ፕሮፌሰር እንዳትለው አትበሉኝ ብሏል። ስለዚህ ጭራሽ ላለመጥራት ወሰነች። ስትፈልገው አጠገቡ ቆማ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

የዚያን ዕለት ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ሁሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ኳ አደረጉት። እዚህ ጭብጨባ ይኸው ነው። ዳን ግን ወደ በሩ ዞሮ ግቡ አለ። ማንም አልገባም። ሜላት ይህንን ስትነግረኝ አልሳቀችም፤ እሷም በመጀመሪያ ገለጻዋ ላይ ጠረጴዛ ሲመታባት ጸጥታ የተባለች መስሏት ይቅርታ ጠይቃ ተቀምጣለች። እንዲያውም ሰውየውን ያን ጊዜ ወደደችው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት እንግዳ አለ ማለት ነው አለች።

እኔም ምክሬን ሁሉ ሰጠኋት፤ እሷም ሁሉንም ተቀበለችኝ። ደስ ብሎኝ ሸኘኋት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ላይፕዚገር ሽትራሰ የሚባለው ጎዳና ላይ ካለው ዳቦ ቤት ተገናኘን። ፊቷ ጥቁርቁር ብሏል። ኬክ አዘዝኩላት፣ አልነካችውም። ዳን ክፍል ውስጥ መጠየቅ ትቶኛል አለች። ሌላውን ሁሉ ይጠይቃል፣ እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላታል። ሲያስተምር ቆይቶ እሷን ያይና በድንገት መስኮት ይከፍታል። ጀርመኖቹ መስኮት ሲከፈት ነፍሳቸው ነው፣ ቅሬታ የላቸውም። ትናንት ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ አስም አለብሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የለብኝም አለች። እንግዲያው አስፈራሻለሁ ወይ? የምናገረው ያስደነግጥሻል? አለ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር ትንፋሽሽ ይቆረጣል፤ እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው የማልጠይቅሽ አላት። ካልጠየቃት አትናገርም፣ ካልተናገረች ማርክ የለም፣ ማርክ ከሌለ ደግሞ ያ ቦታ የለም።

እኔ ተናደድኩ። የምን ትንፋሽ ነው የሚያወራው? እኛ የማንም ንግግር ትንፋሻችንን አይቆርጠውም። እንዲህ ያለ ነገር አገራችንም የለም፣ እዚህም አይቼ አላውቅም፣ እኔ ራሴ በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። ሜላት እስክጨርስ ጠብቃ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ ኬኩን እንዲጠቀልሉልን ልንገራቸው ወይ አለችኝ።

እኔም ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አዎ አልኳት።

«ታንቴ» አለች፣ «አሁን ራስዎ አደረጉት እኮ።»

ምን አደረግኩ? እናንተስ አሁን ይህን እያነበባችሁ አላደረጋችሁትም? አፍ ሳይከፈት፣ ቃል ሳይወጣ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሽው ይላል፤ አዎ፣ እሺ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥል ማለት ነው። እኛ አዎን ወደ ውስጥ ነው የምንለው። ሌላው ዓለም ወደ ውስጥ የሚተነፍሰው እባብ ሲያይ ነው። ሜላት ለካ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ሰውየውን ገብቶኛል ስትለው ነው የከረመችው። እሱ ደግሞ ያንን ከጉሮሮ መጠራረጉ ጋር ደምሮ ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው ብሎ መስኮት ይከፍታል።

ያን ዕለት እስከ ቤቴ ድረስ በራሴ ስስቅ ሄድኩ። የቤተሰብ ሐኪሜ ለስንት ዓመት ሳምባዬን ሲያስመረምረኝ ኖረ! ቱቦ ውስጥ ያስተነፍሰኛል፣ ምንም አያገኝም፣ በሚቀጥለው ቴርሚኔ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው ወይ ይለኛል፣ እኔ አዎ እለዋለሁ፣ በእኛ አዎ። እሱም ደንግጦ እንደገና ይልከኛል። የሰጠኝ የአስም መንፊያ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስልክ ላይም ጀርመኖች ሁልጊዜ አሁንም አሉ ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ግን ሳቅ ለሜላት ምን ያደርግላታል? በማግስቱ ቤቴ ጠርቼ ሥልጠና ጀመርኩ። እኔ ዳን ሆንኩ። ስለ ቧንቧ የማላውቀውን ሁሉ አወራሁ፤ እሷ በአፏ ጮክ ብላ ዬስ እንድትል ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትስባለች። ዋጪው እላታለሁ። ስትውጠው ያስነጥሳታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ተሳክቶላት ዬስ ብላ፣ እንዴት ናት ስትለኝ እኔ ራሴ ሳብኩ። የዚያን ጊዜ ተስፋ ቆረጠች። እኔ ግን አልቆረጥኩም። ደብቂው፣ በምንም ዓይነት አይስማሽ፣ የሴሚናሩ ማብቂያ እስኪደርስ ቻይው ብዬ አጥብቄ አዘዝኳት።

ልጅቷ አልሰማችኝም። በማግስቱ ቀጥ ብላ ዳን ቢሮ ገባችና ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ስሰማ እሳት ሆንኩ። ምነው፣ ገመናሽን ለሰውየው? ብዬ ተቆጣኋት።

«በሩ ክፍት ከሆነ ግቢ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

 ምን አለሽ ታዲያ ብላት፣ ትንሽ አወራን፣ ምንም ቃል አልገባልኝም አለች። ስለዚህ ሁለታችንም በስጋት የሴሚናሩን የመጨረሻ ቀን መጠበቅ ያዝን።

የመጨረሻው ቀን እንግዳ ይዞ መምጣት ይፈቀድ ነበር። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ለምን ነጠላ እንደያዝኩ አትጠይቁኝ፤ ጭንቅ ሲሆን እይዛለሁ። የጀርመን ፕሮፌሰር ቢሆን ውጤቱን በደብዳቤ ነበር የሚልከው። አሜሪካዊ ግን ደስታንም ሆነ ሐዘንን ሰው ፊት ነው የሚወደው። ዳን ተነሳና ንግግር ጀመረ።

አንዲት ተማሪ አለች አለ። ሴሚስተሩን ሙሉ ዝም ያለች መስሎኝ ነበር። ለካ የምትመልስልኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ እኔ ነኝ መስማት ያልቻልኩት። ቢሮዬ መጥታ ነገሩን ስታስረዳኝ፣ ታዲያ ባልኩት ሁሉ ተስማምተሻል ማለት ነው ብዬ ቀለድኩባት። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለችና፣ አንድ ቀን አልተነፈስኩም አለችኝ። ለምን ብላት ሰሌዳው ላይ ወጥታ፣ ያን ቀን ስለ ግፊት የጻፍኩትን ስሌት ጻፈችልኝ። ተገልብጦ ነበር። ክፍሉ በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ የተሳሳተውን ይዘን ወደ ቤታችን ሄደን ነበር አለ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ስንት ዓመት የሒሳብ መምህር ሆኜ፣ የክፍሉ ልጆች ዝም ሲሉ ዝምታቸው ምን እንደሚል አዳምጬ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ተሰማኝ። ሜላትን ግን በጣም ኮራሁባት።

ዳን ወደ ሜላት ዞረና በሚቀጥለው ዓመት እኛ ጋ መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይ አላት።

 ይህ ነው የሠለጠነችበት ሰዓት። በአፏ ዬስ ልትል፣ ዓይኑን እያየች፣ ጮክ ብላ። ሜላት ቆመች፣ ዓይኑንም አየችው። ከዚያ ያ ሁሉ ሥልጠናዬ ገደል ገባና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችው። ከኋላ ሆኜ ሰማሁት። አንድ ጀርመን ልጅ ደንግጦ መስኮት ሊከፍት ተነሳ።

«ተወው» አለው ዳን፣ «አዎ ማለቷ ነው።»

ጠረጴዛው ሁሉ ኳ ኳ ኳ ተባለ። ዳን ወደ በሩ አልዞረም። ሜላት ይቅርታ አልጠየቀችም። እኔም የጀርመንን ጭብጨባ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጓዬ እስኪቀላ መታሁት።

አሁን ሜላት እዚያው አሜሪካ ናት። ትደውላለች፤ ዳንን አሁንም በስሙ እንደማትጠራው ነገረችኝ፣ ግን ጉሮሮ መጠራረጉን ትታለች። ቤተ ሙከራው ውስጥ ዳን አንድ ነገር ሲያስረዳ፣ ሜላት መሳቧን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ነጥብ አያልፍም አሉ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቡኝ። ያቺን ልጅ ለአሜሪካ ያዘጋጀሻት አንቺ ነሽ አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዝርዝር ውስጥ መግባት አልወድም። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩት።