መስመር ሰባት

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታዬ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ሕልም አየሁ። የምሠራው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ከተቀጠርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል።

በሕልሜ የወላጆቼ ጎረቤት እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማዕከሉ ገቡ። መብራት ጠፍቶባቸው ለአቤቱታ የመጡ መስሎኝ ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን ወንበሬ ላይ ተቀመጡና “አመልካቿ አንቺ ነሽ፤ ሰልፍሽን ያዢ” አሉኝ። ዞር ስል ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ወርዷል፤ ሁሉም የመሥሪያ ቤታችን መሐንዲሶች ናቸው። አለቃዬ ኢንጂነር ዘርጋው ከፊቴ ቆመው፣ ቻርጅ ያለቀበት ስልካቸውን እንደ ማመልከቻ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ግድግዳው ላይ የነበረው የመስመሮች ካርታ መስኮት ሆነ። አገር ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲራመድ አየሁ። ሰልፉ ከግድቦቹ ተነሥቶ፣ ተራራውን ዞሮ፣ ጎረቤት አገሮች ድረስ ይዘልቃል። ሁሉም እኩል ሃምሳ፣ ሃምሳ ይረግጣል፤ አንዱ ከዘገየ የሁሉም እግር ይዘገያል። ድንበሩን የምትጠብቀው ፍየል ነበረች፤ ፓስፖርት የምትጠይቀው የቆመ ሰው ስታገኝ ብቻ ነው።

ከድንበር ማዶ አንድ ሽማግሌ ደወሉ። በእነሱ በኩል ብዙ ሰው ደክሞት ስለተቀመጠ እንድንደግፋቸው ለመኑ። እርምጃው ወደ አርባ ዘጠኝ ወረደ። የአንዳንዱን እጅ መልቀቅ ግድ ሆነ፤ አለዚያ ሁሉም ሊወድቅ ነው።

እትዬ ደብሪቱ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝር አወጡ። በእኛ ደንብ መጀመሪያ የሚጠፉት ትንንሾቹ ከተሞች ናቸው። የእሳቸው ግን የሚጀምረው ከትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ነበር። ከማጥፋታቸው በፊት እየደወሉ የታመመ ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። ከአዳራሹ፣ ንግግር አድራጊው ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ መሆናቸውን ነገሯቸው።

“ባይጨርሱት ይሞታሉ?” አሉና አጠፉት።

ቀጥሎ አንድ ሆቴል ነበር። አሳንሰሩ ውስጥ ሙሽራ አለች ሲሏቸው፣ ወጥታ ጫማዋን እስክታስተካክል ጠበቋት።

ተራዬ ሲደርስ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አልኩ። ዋርካ በር በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖረው አባቴ የሚተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን እንደሆነ፣ ማሽኑም ያለ መብራት እንደማይሠራ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

“ጋሽ አስፋቸውን አንቺ ልትነግሪኝ ነው?” አሉና ዝርዝሩን አዙረው አሳዩኝ። የአባቴ ስም ከሁሉም በታች በእጅ ተጽፏል። “እናንተስ የት ላይ ነው የጻፋችሁት?”

የእኛ ዝርዝር ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ይህን ልነግራቸው አፈርኩ።

ባልደረባዬ ትከሻዬን ስትነካኝ ነቃሁ። ጎረቤት አገር ያለ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ቆሞ ከእሱ ጋር የተያያዘውን የእኛንም የኤሌክትሪክ መረብ ይዞ እየወረደ ነበር። የመረቡ ምት በሰከንድ ሃምሳ መሆን ሲገባው፣ ስክሪኑ አርባ ዘጠኝ ይላል። ኢንጂነር ዘርጋው መስመር ሰባትን እንዳጠፋ አዘዙኝ። መስመር ሰባት ዋርካ በር ነው።

“እዚያ የሚኖሩ ሰዎች…” አልኩ።

“ሦስት ሜጋዋት ነው” አሉኝ።

አጠፋሁት። ሌሎቹም የየድርሻቸውን አጠፉ። ቁጥሩ ወደ ሃምሳ ተመለሰ፤ አገሩ ሳይጨልም ተረፈ፤ ኢንጂነር ዘርጋውም አመሰገኑኝ። ወዲያው እናቴ ደወለች። መብራት መሄዱን፣ አባቴን ትንፋሽ እያጠረው መሆኑን ነገረችኝና “የሚያጠፋውን ሰው እባክሽ ለምኝልን፣ ልጄ” አለችኝ።

እለምነዋለሁ አልኳት።

መስመር ሰባት የተመለሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አባቴ የቻለው አርባ ደቂቃ ብቻ ነበር።